ከቅሬያችን የተለዩንን ሰዎች ታሪክ እንዴት እንጻፈው?

የቧንቧ ውኃ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ የሌላውም አገር ሰው። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ከኛ ቅሬ (ከእድራችን) ብዙ ሰው ሄደብን። አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ ግን ተከታተሉብን። የአንዱን ድንኳን ሳናጥፍ ሌላ ጥሩንባ ይነፋል። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሡና እኛ የቀረነው ካለፍን በኋላ እነዚህ ሰዎች ማን እንደነበሩ ለልጆቹ ማን ሊነግራቸው ነው አሉ። ከዚያ ታሪካቸውን የያዘ አንድ መዝገብ ይዘጋጅ ተባለ፣ መጻፉም ለኔ ተሰጠ።

ቀብር ላይ ከተነበቡት የሕይወት ታሪኮች ጀመርኩ። ከየቤተሰቡ ለምኜ ሰበሰብኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፣ ትዳር መሥርተው ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል።

የልብስ ሰፊያችንን ወረቀት አየሁት። "በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር" ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኚህ ሰው እኮ ሲንጀራቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፉ ናቸው። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃቸዋል። የሱሪውን እግር ሲያጥፉ ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ይተዉ ነበር። ልጁ በዓመቱ ሲረዝም እናትየው ይዛ ትመጣለች። ስፌቱን ተርትረው ያወርዱታል፣ የድሮው መስመር እንዳይታይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው በከሰል ካውያ ይተኩሱታል። ለዚያ ሥራ ገንዘብ ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም። ይኼ ከወረቀቱ ላይ ለምን ቀረ?

ስማቸውን ቤተሰብ ሳይፈቅድ እዚህ አልጽፍም። የምጠይቀው ይኸን ነው። ቤተሰቡን ምን ብዬ ልጠይቅ? ቅሬያችን የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው፣ ወግ ወጋችን ደግሞ ይለያያል፣ በአንድ መዝገብ እንዴት ይሁን? ፎቶ የሌላቸውስ? ደግሞስ የሰው ክፉውም ደጉም ይጻፋል ወይ?

ሐረጎ ቁልቁል (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናችሁ። መልካም ሥራ ይዛችኋል።

ከራሴ ልነሣ። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩን ልንጽፍ ወንድሞቼና እኔ ተሰበሰብን፣ ከአንዳችንም የወጣው "ደግ ነበር፣ ሰው ይወድ ነበር" ነው። እኛ የምናውቀው በር ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ነው። በ1990 ጦርነቱ ሲመጣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱም ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እሱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልነዳም። ትልቁ ሕይወቱ እኛ ነፍስ ሳናውቅ ያለፈ ነው።

ያዳነን የድሮ ረዳቱ ነው። ለልቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አባቴ እንዴት ነበር አላልኩትም። መኪናው ምን ነበር ነው ያልኩት። ኤንትሬ አለኝና ከዚያ አላቆመም። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ባቲ ላይ ሻይ፣ ከባቲ በኋላ ቁልቁለቱ፣ ሚሌን አልፎ ደግሞ ያ ሙቀት። የሸራ የውኃ መያዣ ከመኪናው ፊት ይንጠለጠላል፣ ነፋሱ ያበርደዋል። አባቴ መጀመሪያ መንገድ ላይ ላገኘው የአፋር እረኛ ሰጥቶ ነበር ራሱ የሚጠጣው። ረዳቱ ሲያጉረመርም "እኔ ነገም በዚህ አልፋለሁ" ይለው ነበር አለኝ። ይኼን እናቴ እንኳ አታውቀውም።

ምክሬ ይኸው ነው። ቤተሰብን ብቻ አትጠይቅ፣ ከቤተሰብ ቀድመህ አብሮ የሠራ ሰው ፈልግ። ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ዕቃና ስለ ሥራ ጠይቅ። መኪናው፣ መጋዙ፣ ምጣዱ፣ ሱቁ። ሰው ስለ ሥራ ሲያወራ ነው ሰውየው የሚመጣው። ደግሞ አርባው እስኪወጣ አትጠብቅ፣ ሰው የሚያወራው ለቅሶው ሳይበተን ነው።

ሸዋ በር፦

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ለሞቱት ሙስሊሞች አላህ ይዘንላቸው፣ ለክርስቲያኖቹም ነፍስ ይማር።

በኛ በኩል ያለውን ልንገርህ። ወረቀት ፈልገህ አታገኝም። የኛ ሰው ጠዋት ከሞተ ከዙሁር ወይ ከዐስር በኋላ ይቀበራል፣ ጀናዛ ተሰግዶ አፈር ይለብሳል፣ የሕይወት ታሪክ ማንበብ በኛ የተለመደ አይደለም። ግን ቀብሩ ላይ የሚባል አንድ ነገር አለ። ቤተሰብ ተነሥቶ "ከሟቹ ላይ ዕዳ ያለው ሰው ወደኛ ይምጣ፣ እሱም ያስቀየማችሁ ካለ አውፍ በሉት" ይላል። የድሮ የቅሬ ዳኛችን የሞቱ ጊዜ ልጃቸው ይኸን ሲል አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። ክርስቲያን ናቸው። ዕዳውስ የኔ ነው አሉ። ለካ የቅሬ ዳኛው ሐጂ ለሽማግሌው ልጅ የሕክምና ገንዘብ ሰጥተዋቸው ኖሮ፣ መመለስ ሲያቅታቸው አንድ ቀን ጠርተው ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ ብለዋቸዋል። ቤተሰቡ ሰምቶት አያውቅም። እና እንዲህ ያለውን ቀብር ላይ የቆመ ሰው ነው የሚያውቀው፣ እነሱን ጠይቅ። የሴቶቹን ደግሞ ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) አብረው የተቀመጡ እናቶች ያውቃሉ፣ ቡና ላይ በረካው እስኪደርስ ታገሥ እንጂ ይነግሩሃል።

በአንድ መዝገብ መሆኑ ምንም ችግር የለውም። እኛ መቼ ተለያይተን ቀብረን እናውቃለን? እነሱ ለቀብራችን መቃብር ድረስ ይመጣሉ፣ እኛም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ እንሄዳለን፣ የምንበላው ሥጋ ብቻ ነው የሚለየው። ሞቱ በተባለበት ቀን ተራ ጻፋቸው፣ በሃይማኖት አትክፈላቸው። ፎቶውን ግን አስገድደህ አትለጥፍ። አንዳንዱ ቤተሰብ የሟች ፎቶ እንዲወጣ አይፈልግም፣ በተለይ የእናቶችን። ጠይቅና እንቢ ካሉ ተወው።

ክፉውን በተመለከተ፣ ሙታንን አትስደቡ የሚል ሐዲስ አለ። የሠሩት ላይ ደርሰዋል። እኔ በዚህ ነው የምቆመው።

የቅሬ ጸሐፊ፦

እኔም በሌላ ሰፈር በዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ አጠር አድርጌ ልጻፍ። የቅሬውን መዝገብ አውጣ። ማን በየትኛው ዓመት አባል እንደሆነ፣ መዋጮውን ማን ይከፍልለት እንደነበረ፣ በማን ተተክቶ እንደገባ፣ ለየትኛው ቀብር ጥበቃ እንደተመደበ ሁሉ እዚያ አለ። ለአንዳንድ ሰው ከዚያ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

ዘመኑን በተመለከተ ቤተሰብ አታስጨንቅ። አረጋውያኑ የተወለዱበትን ዓመት በትክክል አያውቁትም፣ መታወቂያቸው ላይ ያለውም ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ይልቅ በሚያስታውሱት ነገር አስላው። ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው ኅዳር 1928 ነው፣ ተሸንፎ የወጣው በ1933። የታኅሣሡ ግርግር 1953። አንዱ ትልቅ ድርቅ 1965 እና 66፣ ሌላው 77። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983። በ66 የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ነበር ከተባለ በቂ ነው፣ ከዚያ ተነሥተህ ትደርስበታለህ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ዓመት ግን አትጻፍ፣ "በድርቁ ጊዜ" ብለህ ተወው። አንዴ ከተጻፈ ነገ እንደ ማስረጃ ነው የሚያዘው።

የጦሳ ሥር፦

የሸዋ በሩን ወንድማችንን አከብራለሁ፣ ስድብ አይጻፍ ያለውም ልክ ነው። ግን ሁሉንም መልአክ አድርጋችሁ አትጻፏቸው፣ እባካችሁ። ያኔ ተመልሳችሁ ጠያቂው ያማረረበት ወረቀት ላይ ትገባላችሁ።

የቧንቧ ውኃ ሰፈር ልጅ ከሆንክ የሰፈራችሁን አዋላጅ አውቃቸዋለሁ፣ እኔንም ታናሽ እህቴንም ያዋለዱ ናቸው። ተቆጪ ነበሩ፣ ቁጣቸውን ደግሞ ማንም አይረሳውም። ሌሊት ስትጠራቸው በር ሳይከፍቱ ነው መቆጣት የሚጀምሩት፣ "እስካሁን የት ነበራችሁ!" ብለው። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ከጠሪው ቀድመው ይወጣሉ። ቤት ሲገቡ ባልየውን ያስወጡታል፣ አማትን ውኃ ያስፈላሉ፣ በዚያ ቤት አዛዧ እሳቸው ብቻ ናቸው። ምጡ ካስፈራቸው ደግሞ አይደፍሩም፣ "ይቺ የኔ አይደለችም፣ ሆስፒታል!" ብለው ራሳቸው ደግፈው ታክሲ ውስጥ ያስገባሉ። ብዙ ሴት የተረፈው በዚያ ቁጣ ነው። ሲጨርሱ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ገንፎውን ግን ሳይቀምሱ አይወጡም። ተቆጪነታቸውን አውጥታችሁ ደግ ነበሩ ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ እኔ አላውቃቸውም፣ ልጆቻቸውም አያውቋቸውም።

የቤት ውስጥ ገመና ሌላ ነው፣ እሱ ይቅር። ሰው በአደባባይ የሚያውቀው ጠባይ ግን ይጻፍ።

ሌላም ነገር አለ። ሙሾውን አትርሱ። ልቅሶ ላይ የሚወረደው ግጥም ከወረቀቱ ይሻላል፣ አልቃሿ ሟቹን ታውቀዋለች። ልብስ ሰፊው ሲቀበሩ እኔም ነበርኩ፣ አንዷ ያወረደችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦

ለሰው ሲለካ ኖሮ ሜትሩን አንግቶ፣
የሱን ማን ለካለት በነጭ ተኝቶ።

ይኸን ጻፈው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ነበር ለሻይ እንኳ የሚወጡት።

ከአዲስ አበባ፣ የአረብ ገንዳ ልጅ፦

ስለ ፎቶው ብቻ። የኛ ቤት አልበም በጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን ስንወጣ ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ተበርብሮ፣ አልበሙ የለም። አያቴ ካረፈች በኋላ አንድም ፎቶ የላትም ብለን አልቅሰናል፣ ያም ሌላ ሐዘን ነው።

በኋላ ግን አገኘናት። የራሷ አልበም ውስጥ ሳይሆን የሰው ሰርግ ውስጥ ነው ያገኘናት። አያቴ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ ወጥ የምትሠራ ሰው ነበረች፣ ስለዚህ በየሙሽራው አልበም ውስጥ ከኋላ አለች። አንዱ ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። አንዱ ላይ ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው ያለው። በቴሌግራም ለዘመድ ሁሉ "የሰርግ አልበማችሁን አገላብጡልኝ" ብዬ ላክሁ፣ ከጂዳም ከአሜሪካም መጣልኝ። ቅሬው ይኸን ቢያስነግር ብዙ ፎቶ ይወጣል። የሰርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ። ፎቶው ሲላክልህ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ካለ እሱንም አንሥተው ይላኩልህ፣ ቀንና ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ አለ።

የቧንቧ ውኃ ልጅ (ጠያቂ)፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ይስጣችሁ። የጠበቅሁት ይኸን ያህል አልነበረም።

አዋላጇን ያነሣሽው፣ ወይም ያነሣኸው፣ አዎ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ትናንት አግኝቼ ያልከውን አነበብኩላት። ሳቀችና ከዚያ አለቀሰች። ቁጣው ይጻፍ ብላለች። ስማቸውንም ለመዝገቡ ፈቅዳለች፣ ለኢንተርኔት ግን አይሁን ብላለች፣ ስለዚህ እዚህ አላወጣውም።

ሐጂን ያነሣኸው ወንድሜ፣ ዕዳ አለብኝ ያሉትን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ፣ አሁን ታመው ተኝተዋል። ነገ ልሄድ ነው፣ በሳቸው አፍ ልቀዳው። የቅሬውን መዝገብም ገንዘብ ያዣችን ሊሰጠኝ ተስማምቷል፣ የድሮዎቹ ደብተሮች ግን ሌላ ሰው ቤት ነው ያሉት።

የወሰንነውን ልንገራችሁ። በሞቱበት ቀን ተራ ይጻፋሉ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ይጠየቃል። ያልተረጋገጠ ዓመት አይገባም። ከመታተሙ በፊት የየሰዉ ገጽ ለቤተሰቡ ይነበባል። አንዱ ቅጂ ቅሬው ቤት ይቀመጣል፣ ለየቤተሰቡም አንዳንድ ይሰጣል፣ አንዱን ከከተማ ውጭ ላለ ሰው እንልካለን፣ በ2014 የሆነውን አይተናልና።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ዘመድ የሌላቸው፣ ብቻቸውን ተከራይተው የኖሩ አንድ ሰው አሉ፣ ቅሬው ነው የቀበራቸው። በቀን ሥራ ነበር የሚኖሩት፣ ከየት እንደመጡ አከራያቸውም አያውቁም። ሸርፍ ተራ አካባቢ ዕቃ ሲያወርዱ የምታውቋቸው ካላችሁ፣ ግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የጎደላቸው፣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ሹራብ የሚለብሱ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።