ገጠር ያለ ተዳፋት መሬት ላይ ቤቱን የት እናድርገው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገጠር ባለን ተዳፋት መሬት ላይ ቤት ልንሠራ ነው። ባለቤቴ ጉብታው ላይ ይሁን ትላለች፤ እኔ ቁፋሮ ይቀንሳል ብዬ ታች ሜዳው ላይ። እናቴም አብራን ስለምትኖር ደረጃ አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑስ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ያ ሜዳ የተደላደለው ጎርፍ ባመጣው ደለል ሊሆን ይችላል። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላህን ይዘህ ሂድና ውሃው የት እንደሚተኛ እይ። እኔ ብሆን ከጉብታው ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ ነፋስ የማይገርፈው ወገቡ ላይ አደርገዋለሁ። የእናትህ መኝታና መታጠቢያ ከመግቢያው እኩል ወለል ላይ ይሁን፤ በሩም ከ90 ሴንቲ አይጥበብ።

መልስ 2፦
የጉድጓድ ውሃ ካሰባችሁ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከሱ በታች በኩል ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ይሄ ሳይወሰን ስለ ሳሎን ማውራት ትርፉ ድካም ነው። ጣሪያውንም አትናቁት፤ 100 ካሬ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ወደ 1,000 ሊትር ውሃ ነው።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ወገቡ ላይ ከሆነ አሸዋ የጫነ መኪና ይወጣል?

መልስ 1፦
መንገዱን አስቀድመህ አስጠርግ፤ አለዚያ በሰው ሸክም ነው።