ክርክር፦ ጎልፍ ጂቲአይ መሪው ላይ ቁልፍ መለሰ፤ ይበቃል ወይ?

አቅራቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው የቮልስዋገን መኪና፣ ጎልፍ ጂቲአይ ውስጥ እንግባ። የ2020ው ሞዴል መሪ ላይ የነበረው የንክኪ ሰሌዳ ብዙ ሰው አስመርሮ ነበር። አሁን የሚጫን ቁልፍ ተመልሷል። ስክሪኑም 12.9 ኢንች ሆኗል። የሙቀትና የድምፅ ማስተካከያው ግን ዛሬም በጣት የሚንሸራተት ንክኪ ነው፤ የተጨመረለት መብራት ብቻ ነው። እኔ ግማሽ ሥራ ነው እላለሁ። እናንተስ?

ከሽቱትጋርት፦ አልስማማም ወንድሜ። የድሮው ማንሸራተቻ ትልቁ ችግር ማታ አለመታየቱ ነበር፤ እሱ ተፈታ። የኤሲው ምልክቶችም ከስክሪኑ ግርጌ አይጠፉም። ሌላ ምን ቀረ?

አቅራቢ፦ መታየቱንማ ይታያል። ግን ለማየት ዓይንህን ከመንገዱ ማንሳት አለብህ። ቁልፍ ሲሆን ጣትህ ራሱ ያገኘዋል። ቪ ቢላገሬ የተባለው የስዊድን መጽሔት በ2022 አዳዲስ ባለስክሪን መኪናዎችን ከ2005 ቮልቮ ጋር አወዳድሮ ነበር። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተነዳ አራት ቀላል ሥራ መሥራት ነው። በባለቁልፉ ቮልቮ 10 ሰከንድ በቃ። በፈተናው መጨረሻ ደረጃ ያገኘው መኪና ግን 44.6 ሰከንድ ፈጀ። በዚያ ፍጥነት ከ1.3 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቷል ማለት ነው!

ከአዲስ አበባ፦ ይሄ እኛንም ይመለከታል። እዚህ በየመንገዱ የምናየው የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና አይዲ 4 ያንኑ ተንሸራታች ይዟል። ለምን ሕግ አይወጣም? የመኪና ደህንነት የሚፈትነው የአውሮፓ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ እንኳ ከ2026 ጀምሮ ለፍሬቻ፣ ለሀዛርድ፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአደጋ ጥሪ በእጅ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ለሌለው መኪና ሙሉ ነጥብ አይሰጥም።

ከሽቱትጋርት፦ ሕግ ምን ያደርጋል? ገዢው ጮኸ፣ ፋብሪካው ሰማ። ገበያው ራሱ አስተካከለው።

ከሜሪላንድ፦ ትልቁን ነገር ዘለላችሁት። ማኑዋል ካምቢዮው እኮ ቀረ! በ1976 ጉንሂልድ ሊልየክቪስት የቼክ ጨርቁን ወንበርና የጎልፍ ኳስ የመሰለውን የማርሽ እጀታ ስትነድፍ መኪናው መለያ አገኘ። ጨርቁ አለ፤ በእጅ የሚገባው ማርሽ የለም። ለእኔ ከማንኛውም ስክሪን በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አቅራቢ፦ የማርሹ ነገር እኔንም ያማል፤ ራሱን ችሎ እንከራከርበት። ገበያው አስተካከለው ላልከው ግን፣ አራት ዓመት ፈጅቶ የተስተካከለው መሪው ብቻ ነው። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሬያስ ሚንት ራሳቸው በ2025 ከኤሌክትሪኩ አይዲ 2 ጀምሮ ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለአየር ማራገቢያና ለሀዛርድ ቁልፍ እንደሚመለስ ተናግረዋል። ታዲያ ጎልፍ ዛሬ የሚገዛው ሰው ለምን ይቀርበታል?