ጥቆማ፦ ለጓሮ የትኛው ዶሮ ይሻላል? ቦቫንስ፣ ሳሶ፣ ኮኮክ ወይስ ሐበሻ?

ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። የምትፈልጉት እንቁላል ብቻ ነው ወይስ ከራሳችሁ ዶሮ እያስፈለፈላችሁ መቀጠል?

ለእንቁላል ከሆነ ቦቫንስ ብራውን ውሰዱ። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች 300 ገደማ ትጥላለች። መኖ ግን አትሰስቱባት። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፤ በዓልን አስቦ ለሚያረባ እሷን እመርጣለሁ። ሁለቱንም ኢትዮ ቺክን የተባለው ድርጅት ያሰራጫል። ጀማሪ ከሆናችሁ የአንድ ቀን ጫጩት ይቅርባችሁ፤ ከአሳዳጊዎች የ45 ቀኑን ግዙ። የፈንግል ክትባት መውሰዱንም ጠይቁ።

ታዲያ ቦቫንስም ሳሶም ድቅል ናቸው። እርስ በርስ ብታዳቅሏቸው ልጆቹ አንድ ዓይነት አይወጡም። አንዱ እናቱን፣ ሌላው አያቱን ይመስላል፤ እንቁላሉም ይቀንሳል። ብዙ ሰው «ዘሩ ተበላሸብኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ሻጩ አላታለለውም።

ማስፈልፈል ለምትፈልጉ የእኔ ምርጫ ኮኮክ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዝንጉርጉር ዝርያ ነው፤ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሲያባዛው ቆይቷል። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። በጣም የምወድለት ደግሞ ይሄን ነው፦ ሴቷን ኮኮክ ከቀይ ወይም ከጥቁር የሐበሻ አውራ ጋር ብታዳቅሉ፣ ጫጩቶቹን በተፈለፈሉ ቀን ትለያላችሁ። አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው፤ የሌላት ሴት ናት። ዝንጉርጉርነቱን የሚያመጣው ዘረመል ያለው ፆታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ እናት ደግሞ ያንን የምታወርሰው ለወንድ ልጇ ብቻ ነው። አውራው ገብስማ ወይም ነጭ ከሆነ ግን ምልክቱን አትመኑት። ጥንዱ ተገልብጦ አውራው ኮኮክ ከሆነም አይሠራም፤ ሁሉም ጫጩት ነጥብ ይዞ ይወጣል።

የሐበሻዋን ዶሮ ደግሞ እባካችሁ አትሽጧት። ቦቫንስ መታቀፍ አትወድም። ሐበሻዋ ግን የማንንም እንቁላል 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም ከጭልፊት ትጠብቃለች። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ትንሿን የመፈልፈያ ማሽን ከመግዛት ሁለት ታቃፊ ዶሮ ይሻላል።

ለአሥር ያህል ሴት አንድ አውራ ይበቃል። እዚያው ያደገውን ከእህቶቹ ጋር አታስቀሩት፤ ከሌላ ሰፈር ሰው ጋር ተለዋወጡ።