ላረፉት ካህናትና ሽማግሌዎች ሐውልት ይቁም ወይስ ዜና ሕይወታቸው ይጻፍ? (ክርክር)

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አንድ ደብር በአገልግሎት ኖረው ላረፉ ካህናት፣ መሪጌቶችና ሽማግሌዎች መታሰቢያ የሚሆን መዋጮ ሰብስቧል። ሰበካ ጉባኤው በቅጥሩ ውስጥ ስማቸው የተቀረጸበት የእብነ በረድ ሐውልት ለማቆም አስቧል። ሌሎች ደግሞ «ገንዘቡ ዜና ሕይወታቸውን ለመሰብሰብ ይዋል» ይላሉ። ሥራውን የምታውቁ ዘርዝራችሁ ጻፉልን።

የድንጋይ ሥራ ባለሙያ፣ ሳቢያን፦ እኔ ሐውልቱ ይሠራ ባይ ነኝ። ወረቀት ይጠፋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ስንት ቤት ከነሰነዱ እንደሄደ ድሬ አትረሳውም። ግን ድንጋይም በአግባቡ ካልተሠራ ይከዳል። በቀለም ብቻ የተጻፈ ፊደል በእኛ ፀሐይ ጥቂት ዓመት ነው ዕድሜው። ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ገብቶ ይቀረጽ፤ የፊደሉ ቁመትም ከ3 ሳንቲሜትር አይነስ። ፊደላችን ቅጥያው ደቃቅ ስለሆነ ካነሰ «ለ»ን ከ«ሉ» መለየት ያስቸግራል። ሰሌዳውን የሚይዘው ብረት ተራ ፌሮ ከሆነ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ጠርዙንም ይሰነጥቀዋል፤ የማይዝግ ብረት ይሁን። ሰሌዳው ከአፈር 40 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከሥሩም እርጥበት የሚያግድ ነገር ይነጠፍ። ያለዚያ ከመሬት የሚወጣው ጨው ፊቱን ይልጠዋል።

መሪጌታ፣ ሐረር፦ ልጄ፣ የድንጋዩን ነገር ደኅና አድርገህ ነግረኸናል። እኔ የምጠይቀው ግን ምን ስም ልትቀርጹ ነው? ሕዝቡ የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ነው። በፍትሐቱ፣ በ40ው፣ በ80ው፣ በሙት ዓመቱ የሚነሣው ደግሞ የክርስትና ስማቸው ነው። ልጆቻቸው እንኳ የማያውቁት ብዙ ነው፤ የሚያውቀው የንስሐ አባታቸው ነበር፤ እሱም አርፏል። ስለዚህ ከድንጋዩ በፊት መዝገቡ ይቅደም።

ለአንድ መምህር ደግሞ ከልደቱም ከሹመቱም በላይ የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው። ድጓውን፣ የዓመቱን ዜማ መጽሐፍ፣ ቤተልሔም ከሚባለው የድጓ ትምህርት ቤት ነው ያስመሰከረው? ዝማሬ መዋሥዕቱን፣ የቁርባንና የፍትሐት ዜማውን፣ ዙር አምባ ነው? አቋቋሙ፣ ከበሮና ጸናጽል ያለበት ዝማሜው፣ የጎንደር በዓታ ስልት ነው ወይስ የተክሌ? ይህ ካልተጻፈ በደብሩ የሚባለው ዜማ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን አስቡ፤ እዚሁ ሐረር ልጅ ተፈሪን፣ የኋላውን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ያስተማሩት። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ላይ ጀልባ ሰጥማ አረፉ። ሐይቁ እንኳ ከዚያ ወዲህ ደርቆ ነበር፤ እሳቸው የሚታወሱት ግን ደቀ መዝሙራቸው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ በራሱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ስለጻፈላቸው ነው።

የድንጋይ ሥራ ባለሙያ፦ መሪጌታ፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን የእርስዎ ምሳሌ ጸሐፊው ንጉሥ ነው። የእኛ ደብር መዝገብ በአንድ ጸሐፊ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። ድንጋይ ግን መንገደኛውን ልጅ «እኚህ ማን ነበሩ?» ያሰኘዋል።

የቤተ መዛግብት ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፦ ሳጥን ውስጥ የሚቀረው ቅጂ አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ሦስት ይሁን፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። ጎርፍ ሦስቱንም አያገኛቸውም።

ሥራው የሚጀመረው በሕይወት ካሉት ሽማግሌዎች ነው፤ ስላረፉት የሚናገሩት እነሱ ናቸውና። ድሬ ላይ ቀረጻ የሚያበላሸው ማራገቢያው ነው። ድምፁ በጆሮ ብዙም አይሰማም፤ ስልኩ ውስጥ ግን ዜማውን ሁሉ ይውጠዋል። ሲጠፋ ደግሞ ሙቀቱ ሽማግሌውን ያደክማል። ስለዚህ ከኪዳን ጸሎት በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ ባጃጅ ከማይሰማበት ጓዳ ይሁን። ስልኩን ከአውታረ መረብ አውጥታችሁ ከአፋቸው 30 ሳንቲሜትር ያህል በጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ካረፈ እያንዳንዱን ንክኪ ይቀዳል። በአንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ አትለፉ። ዜማ ከሆነ ባልታመቀ ፋይል (WAV) ይቀዳ፤ በተለመደው የጥራት ደረጃ በአንድ ድምፅ መስመር አንድ ሰዓቱ 320 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 100 ሰዓት ይበቃል። እንግዲህ ወጪው ከእብነ በረዱ ጋር አይወዳደርም።

አሮጌ ፎቶ ስታገኙ በፕላስቲክ አታሳሽጉ፤ ከዚያ በኋላ ሳይጎዳ አይወጣም። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አትጻፉ።

ዲያቆን፣ ገንደ ቆሬ፦ እኔ ከሁሉም የምስማማው «ይጻፍ» በሚለው ነው። ግን ለምን ደረቅ መዝገብ ይሆናል? አንዳንዶቹ አባቶች ጸሎታቸው የተሰማ፣ ድውይ የፈወሱ ናቸው ሲባል ሰምተናል። ገድላቸው ይጻፍ።

መሪጌታ፣ ሐረር፦ ገድል አትበሉት፣ አደራ። ቅድስናን የሚያውጀው ቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ ደብር በራሱ አይሰጥም። «ዜና ሕይወት» በሉት። ሰዎች የሚናገሩትንም «እገሌ እንዲህ አለ» ብላችሁ ከነተናጋሪው መዝግቡ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አትጻፉ። ሌላው፦ ስለ ንስሐ ልጆቻቸው ማንም አይጠይቅ። ያ ከመቃብር ጋር የወረደ ምስጢር ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ ድሬዳዋ፦ እስካሁን የተነሣው ሁሉ ወንድ ነው። የመገበሪያውን ስንዴ አንድ በአንድ የለቀሙ፣ ግብሩን ሳይታክቱ ያቀረቡ እናቶችስ? ያለ እነሱ ቤተልሔሙ፣ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤት፣ በየሰንበቱ ምን ይዞ ይቆም ነበር? ደወሉን ለዓመታት የደወለው ሽማግሌስ? ማዕረግ ስለሌላቸው ከደመወዝ መዝገብም ከሹመት ደብዳቤም አይገኙም። ከካህናቱ ይልቅ ቶሎ የሚጠፉት እነሱ ናቸውና መሰብሰቡ ከእነሱ ይጀመር።

የቤተ መዛግብት ባለሙያ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት። እነሱን የሚያገኙት በእድርና በጽዋ ማኅበር ደብተር ነው። ችግሩ ዓመተ ምሕረት አለመጻፉ ነው፤ «በሚካኤል ዕለት አረፉ» ተብሎ ያልፋል።

መሪጌታ፣ ሐረር፦ ለዚያ ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደነበረ ጠይቁ። ሽማግሌ ዓመቱን ቢረሳ ዘመኑን ብዙ ጊዜ አይረሳም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ጎርፉ የመጣበት 1998 ዘመነ ማርቆስ ነው። «ከጎርፉ በኋላ፣ በዘመነ ሉቃስ» ካሉህ 1999 ወይም 2003 ወይም 2007፣ እንዲህ እያለ በየ4 ዓመቱ ነው። ከዚያ «የትኛው ልጅሽ ተወልዶ ነበር?» ብለህ ከእነዚህ አንዱን ትለያለህ። ፈረንጅ አቆጣጠር ቀላቅላችሁ እንዳትጽፉ ብቻ፤ በ7 እና በ8 ዓመት ልዩነት አንድ አባት ሁለት ጊዜ ያረፈ ይሆናል።

የድንጋይ ሥራ ባለሙያ፦ እንዲህ ከሆነ እኔም ሐውልቱ ይቆይ እላለሁ፤ ይቅር ግን አልልም። የተሳሳተ ስም አንዴ ከተቀረጸ ፊቱን በሙሉ 3 ሚሊሜትር ፍቆ እንደገና መቅረጽ ነው፤ ለመጨመር ግን ባዶ ቦታ ይበቃል። ስለዚህ የክርስትና ስማቸው በሁለት ምስክር የተረጋገጠላቸው ይቀረጹ፤ ላልተገኘላቸውና ለእናቶቹ በየመስመሩ 5 ሳንቲሜትር ይተውላቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦ ለእናቶቹ ባዶ ቦታ አይተውላቸው ወንድሜ። ዝርዝራቸው ድንጋዩ ከመታዘዙ በፊት ይድረስ፤ የጽዋ ማኅበሩን ደብተር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንክፈተው።