ላላገቡ አሮጊት መርማሪ የሚስማማ መጠሪያ ፍለጋ

በ1930 የታተመውን፣ የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን የመጀመሪያ የሚስ ማርፕል ልብ ወለድ፣ ዓይናቸው ለደከመው እናቴ ማታ ማታ በአማርኛ እየተረጎምሁ አነብላቸዋለሁ፤ ሆኖም ገና “ሚስ” የሚለው፣ እንግሊዞች ያላገባችን ሴት የሚጠሩበት መጠሪያ ላይ ስለ ተቸገርሁ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ።

የመጽሐፉ መርማሪ ሚስ ማርፕል ፖሊስ አይደሉም፤ ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል የእንግሊዝ መንደር የሚኖሩ፣ አትክልታቸውን እየተንከባከቡ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚታዘቡ፣ ያላገቡ አሮጊት ናቸው። “ወይዘሪት” ብላቸው ለአማርኛ ጆሮ ወጣት ልጃገረድ ይመስላሉ፤ “ወይዘሮ” ብላቸው ባለትዳር ይሆናሉ፤ “እትዬ” ደግሞ፣ እኔ ወደዚህ ባደላም፣ እንግሊዛዊነታቸውን ያደበዝዝብኛል። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የመጽሐፉ ሳቅ የሚመነጨው ሰዎች እንደ ተራ ወሬኛ አሮጊት ሲቆጥሯቸው፣ እርሳቸው ግን የተጠርጣሪዎችን ጠባይ ከሚያውቋቸው የመንደር ሰዎች ጠባይ ጋር እያስተያዩ ምሥጢሩን ሲፈቱ ነውና።

ታሪኩን የሚተርከው የመንደሩ ቄስም አሳስቦኛል። በገዛ ቤቱ የጽሕፈት ክፍል ሰው ተገድሎ ሳለ የሚያሰማው ለስላሳ ቀልድ በአማርኛ ለሟች ደንታ ቢስነት እንዳይመስል እሰጋለሁ።

እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶችን የተረጎማችሁ ወይም በፍቅር የምታነቡ፣ የትኛውን መጠሪያ እንደምትመርጡና ምክንያታችሁን ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴም ቀጣዩን ምዕራፍ በጉጉት እየጠበቁ ነው።