ሃያ ዓመት ለሊ ቲዬ ይበዛል ወይስ ይገባዋል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ቻይናዊው ሊ ቲዬ ነው። ለማታስታውሱት፣ ቻይና ለመጀመሪያና እስካሁንም ለመጨረሻ ጊዜ በተሳተፈችበት የ2002 የዓለም ዋንጫ በአማካይነት የተሰለፈ፣ ከዚያ በኤቨርተን የተጫወተ፣ ኋላም የሀገሩን ብሔራዊ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በሁቤ ክፍለ ሀገር የሚገኝ ፍርድ ቤት በጉቦ ወንጀሎች 20 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ በ2025 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ፍርዱ ሚዛናዊ ነው ትላላችሁ? ስድብ ይቅር፣ የቀረው ይፈቀዳል።

የኤቨርተን ደጋፊ፦ እኔ ይበዛል ባይ ነኝ። ዴቪድ ሞይስ በ2002/03 ሲያሰልጥን ሊ ቲዬ በ29 የሊግ ጨዋታዎች ተሰልፏል፤ ቡድኑም ሰባተኛ ሆኖ ጨርሷል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር 2 ለ 2 ስንለያይ በዚያኛው ወገን ሌላው ቻይናዊ ሱን ጂሃይ፣ በእኛ ወገን እርሱ ነበሩ፤ ቻይና ውስጥ ያን ጨዋታ ያልተመለከተ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሲሮጥ አይደክመውም፣ የተነጠቀውን ኳስ ሳያስመልስ አያርፍም። ጉዳት ባያሰናክለው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ዕድሜውን በእስር ቤት ማስጨረስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ተጠራጣሪው፦ ወንድሜ፣ እዚያ የደረሰው በእግሩ ብቻ ነው እንዴ? የዚያን ጊዜ የኤቨርተን ማልያ ላይ የቻይናው የስልክ አምራች የኬጂያን ስም ነበር። ተጫዋቾቹም የመጡት ከስፖንሰርነቱ ጋር ተያይዞ ነው።

የኤቨርተን ደጋፊ፦ በዚያ መንገድ የመጡት ሁለት ናቸው። ሌላኛው ሊ ዌይፌንግ ብዙም ሳይሰለፍ ተመለሰ። ስፖንሰሩ በር ከፈተ እንበል፤ 29 ጊዜ ያሰለፈው ግን ሞይስ ነው፤ ሞይስ ደግሞ ለስፖንሰር ብሎ ተጫዋች የሚያሰልፍ ሰው አይደለም።

የሕግ ተማሪዋ፦ ስለ ተጫዋቹ የምትሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተፈረደበት ግን አሰልጣኙ ነው። የጣሊያናዊው አሰልጣኝ የማርቼሎ ሊፒ ምክትል ሆኖ በጓንግዡ ኤቨርግራንዴ ክለብ ከሠራ በኋላ በ2015 የሄቤን፣ በ2018 የዉሃንን ክለብ ወደ ከፍተኛው ሊግ አሳደገ። ፍርድ ቤቱ እንዳረጋገጠው በእነዚያ ክለቦች ሳለ ውጤት ለማስቀየር ጉቦ በመስጠት ተባብሯል። ብሔራዊ ቡድኑን ለመያዝም የዉሃን ክለብ ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ለቼን ሹዩዋን 2 ሚሊዮን ዩዋን፣ እርሱ ራሱ ደግሞ ለዋና ጸሐፊው ለሊዩ ዪ 1 ሚሊዮን ዩዋን ሰጥተዋል። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ተጫዋች በመምረጥና ክለቦችን በመርዳት ስም ከ50 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተቀብሏል። ለገዛው ወንበር የከፈለውን ስንት እጥፍ አድርጎ እንደመለሰው አስሉት። አምስት ክሶች ተደምረው ነው 20 የሆኑት።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። በጃንዋሪ 2024 የመንግሥት ቴሌቪዥን ጥፋቱን ሲናዘዝ አሳየው፤ ችሎቱ የተሰየመው ከዚያ በኋላ በማርች ነው። ሕዝብ ጥፋተኛ ብሎ ከጨረሰው በኋላ ዳኛው ምን ቀረው?

ጋሽ ተራ ተመልካች፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ሰውየው በካሜራ ፊት ሌላ ምን አለ? በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር በእግር ኳሱ የተለመደ ነበር ነው ያለው። ሁሉም የሚበላበት ገበታ ላይ አንዱን እጁን መቁረጥ ምን ይሉታል?

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተረቱ የበይዎች ተረት ነው። አንዱ ብቻም አልተቆረጠም። ወንበሩን የሸጠው ቼን ሹዩዋን ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል።

ጋሽ ተራ ተመልካች፦ ልጄ፣ አንቺ የጠቀስሽው ሊዩ ዪስ ስንት ተፈረደበት? 11። የስፖርት መሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ የነበረው ዱ ዣኦካይስ? 14። ሹሞቹ 11 እና 14፣ አሰልጣኙ 20። ለዚህም መልስ አለሽ?

የሕግ ተማሪዋ፦ የገንዘቡ መጠንና የክሱ ብዛት ይለያያል። ቢሆንም ለዓይን እንደማያምር አልክድም።

ከጓንግዡ የተመለሰው፦ ለንግድ እዚያ በኖርኩባቸው ዓመታት ቲያንሄ ስታዲየም ገብቼ ጨዋታ አይቻለሁ። ሰዉ ሁሉ ቀይ ለብሶ ሲዘምር ከተማው ይናወጥ ነበር። ገንዘቡ ግን የኳስ ገንዘብ አልነበረም፣ የቤት ገንቢዎች ገንዘብ ነበር። ሊ ቲዬ ያለፈባቸውን ክለቦች ቁጠሩልኝ፦ እርሱን ከልጅነቱ ያሳደገው ሊያኦኒንግ በ2020 ፈረሰ፤ ሄቤና ዉሃን በ2023፤ ጓንግዡ በ2025። እርሱ አፈረሳቸው እያልኩ አይደለም። የባለሀብት ኪስ ሲደርቅ አብሮ የሚደርቅ ክለብ ዓመቱን የሚያስበው ስለ ማደግ ብቻ ነው፤ ማደግ ካልቻለ ይገዛል። በ2012 ናን ዮንግና ሺዬ ያሎንግ የተባሉ የፌዴሬሽኑ አለቆች አሥር ዓመት ተኩል አሥር ዓመት ተኩል ተፈርዶባቸው ነበር። ሊ ቲዬ ይህን ሁሉ ያደረገው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ እስሩ ማንን አስፈራ?

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦ እኔን አስፈርቶኛል። ሰፈር ውስጥ ከ15 ዓመት በታች አሰለጥናለሁ፤ አንድ አባት ልጁን ቋሚ ተሰላፊ እንዳደርግለት ለፋሲካ በግ ይዞልኝ መጥቷል። በጉን መለስኩት፣ አባትየው እስካሁን ሰላም አይለኝም። ደጋግሜ የማስበው ስለ አባትየው አይደለም፤ የዚያን ልጅ ቦታ በላቡ ስላገኘው ሌላ ልጅ ነው። በጉን ብቀበል ኖሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠበትን ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ አያውቅም ነበር፤ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው ብሎ ያምን ነበር። በብሔራዊ ቡድን ደረጃ ይህን የሚያደርግ ሰው 20 ዓመት ሲያንሰው ነው።

የኤቨርተን ደጋፊ፦ ታዲያ ገንዘብ የሰጡት ክለቦችስ?

ተጠራጣሪው፦ እኔ ደግሞ ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ የሚከነክነኝ የዳሊያን ክለብ ነው። በ2015 ሁለት ቡድኖች ብቻ ነበር የሚያድጉት፤ ሄቤ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ፣ ዳሊያን ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። ሊ ቲዬ 20 ዓመት ቢታሰር የዳሊያን ተጫዋቾች ያጡትን ደመወዝና ዕድል ማን ይክፈላቸው? አወያዩ ይህን ለብቻው ጥያቄ አድርጎ ያቅርብልን፤ በሊ ቲዬ ጉዳይ እኔና የኤቨርተኑ ወንድሜ እንደማንስማማ ከወዲሁ ታውቋል።