የቤተሰብ ፎቶ በባሕር ዳርቻ፦ ሳንጨናነቅ እንዴት እንነሣ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናትና አባቴን፣ ባለቤቴን እንዲሁም የስድስትና የሁለት ዓመት ልጆቻችንን ይዤ ወደ ባሕር ዳርቻ ልሄድ አስቤያለሁ፤ ፎቶ የሚያነሣን ወንድሜ ነው። ባለፈው የተነሣነው እኩለ ቀን ላይ ስለነበር ሁላችንም ነጭ ለብሰንና ተደርድረን፣ ዐይናችንን አጨንቁረን ወጣን፤ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን የነበረው ትልቁ ልጄ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ድረስ ሲያለቅስ ይታያል። ሰዓቱን፣ አለባበሱንና የልጆቹን ነገር እንዴት ብናቅድ ይሻላል?

ካሜራ ያዥ፦
ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ይለውጡ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን የዐይን ሥር ይጠቁራል፤ አሸዋውና ውኃው ደግሞ ብርሃኑን መልሰው ወደ ፊት ስለሚረጩት ዐይን መግለጥ ያስቸግራል። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለዝባል፣ ወደ ወርቃማነትም ያደላል። ወንድምዎ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ ካደረጋት ማንም ዐይኑን አይጨፍንም፤ ሆኖም ካሜራው ደማቁን ሰማይና አሸዋ አይቶ ፎቶውን ስለሚያጨልመው፣ ብርሃኑን ከፊት ላይ እንዲለካ ወይም ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ከካሜራው ማስተካከያ ላይ ወደ +1 ከፍ እንዲያደርግ ይንገሩት። ለሚሮጥ ልጅ የሻተሩ (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራው ክፍል) ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። የአድማሱ መስመር በሰው አንገት ላይ እንዳያልፍም ይጠንቀቅ፤ ሲያነሡ የማይታይ፣ ቤት ሲደርሱ ግን የሚያናድድ ስሕተት ነው። ሌንስ እዚያው አሸዋው ላይ መቀየርን በጭራሽ አልመክርም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ስለ ካሜራ ብዙም አላውቅም፤ ልጆችን በተመለከተ ግን ከስሕተቴ ተምሬአለሁ። ልጆቹ ጠግበውና እንቅልፋቸውን ጨርሰው ይምጡ። ሁሉም አንድ ላይ የሚነሡበትን ፎቶ መጀመሪያ ያስቀድሙ፤ አንዴ ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ልብሱ ረጥቦ አሸዋ ስለሚለጥፍ ማንንም መልሶ ማሰለፍ አይቻልም። ከዚያ በኋላ «ሣቁ» ማለቱን ትታችሁ ሥራ ስጧቸው። እኛ ዘንድ ትንሿ ልጄ በባልዲ ውኃ እየቀዳች የአያቷን እግር ስታጥብ፣ አባቴ ጎንበስ ብለው በቀዝቃዛው ውኃ ደንግጠው ሲሥቁ የተነሣው ፎቶ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ያን ዕለት ተሰልፈን የተነሣናቸውን ግን ማንም ከፍቶ አላያቸውም። ለወላጆችዎም ወንበር አይርሱ፤ በደረቁ አሸዋ ላይ መራመድ ያደክማል፣ እርጥቡ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለእግር ይመቻል።

ማለዳ ወዳጅ፦
ከካሜራ ያዥ ጋር በብርሃኑ ብስማማም በሰዓቱ አልስማማም። የሁለት ዓመት ልጅ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደክሞት መነጫነጭ ይጀምራል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት ግን ያው ለስላሳ ብርሃን ይገኛል፣ ዳርቻውም ሰው ስለማይበዛበት አሸዋው የእግር ዱካ የለበትም። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የባሕሩን ሙላት ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ በብዙ ቦታ ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚሞላ፣ ባለፈው ሳምንት ሰፊ የነበረው ዳርቻ በዚያው ሰዓት ጠብቦ ሊገኝ ይችላል። ልብስን በተመለከተ፣ አንድ ዓይነት ሳይሆን እርስ በርሱ የሚዋደድ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይምረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ቀለሙን አገጭ ሥር ይጥላል። ነፋስ ካለ ደግሞ ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ፤ ያን ጊዜ ጸጉር ፊት ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለትንሹ ልጅ ስል ማለዳውን መርጫለሁ፤ ባልዲውንም ገዝቻለሁ። የቀረኝ ችግር አባቴ ነው፤ ጫማዬን አሸዋ ላይ አላወልቅም ብለዋል።

የሦስት ልጆች እናት፦
ይተዉላቸው። ሌላው ሁሉ ባዶ እግሩን ሆኖ እሳቸው ብቻ ጥቁር ጫማ አድርገው ቢታዩ፣ ልጆቹ አድገው ፎቶውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያነሡት ያንን ነው። ባልዲውን ግን ከጫማው ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።